ውሃ የማያፈሰው ባርኔጣ

ባሌን በፋብሪካው “ሚዛኑ” ነበር የሚሉት። የጥንቸል ፀጉር ዘገን አድርጎ “ለአንድ ባርኔጣ ይኼ ይበቃል” ካለ፣ ሚዛን ላይ ቢያስቀምጡትም ያው ነው። እኔ ፎቅ ላይ የባርኔጣ ገበር እሰፋለሁ። እሱ ምድር ቤት፣ የሚንተከተክ ጎላ ላይ ተደፍቶ ፀጉሩን ይነክራል፣ ይጨምቃል፣ እንደገና ይነክራል፤ ጠብቆ እንደ ወፍራም ጨርቅ እስኪሆን። ፀጉሩ እንዲያያዝ ባዜቃ የሚሉት ፈሳሽ ብረት ያለበት መድኃኒት ይቀባል፤ ሲፈላ የሚወጣውን እንፋሎት ባሌ አሥራ ሁለት ዓመት ስቦታል። ባርኔጣውን የሚደፋው ደግሞ በሰረገላ የሚሄድ ሰው ነው።

መጀመሪያ ድዱ ደማ። ቀጥሎ ጠባዩ ተበላሸ፤ ዝንብ እሽ የማይል ሰውዬ ጨው አነሰ ብሎ ሳህን መወርወር ጀመረ። ከዚያ እጁ። ሸሚዙን እኔ ነኝ የምቆልፍለት፤ ማንኪያው አፉ ሳይደርስ ባዶ ይሆናል። ሥራ ላይ ግን አይታወቅበትም ነበር። ሙቅ ውሃ ውስጥ የገባ እጅ መንቀጥቀጡን ማን ያየዋል?

ጉድ የሚያፈላው ፈተናው ነው። በየሦስት ወሩ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ባርኔጣ ይመረጥና ተገልብጦ ውሃ ይሞላበታል። ሠሪው ራሱ በሁለት እጁ ይዞት ከበሩ እስከ አለቃው ጠረጴዛ ሠላሳ እርምጃ ይሄዳል። ባርኔጣው ካፈሰሰ ይቀደድና ሌላ ይሠራል፤ በቃ። እጁ የተንቀጠቀጠ ሠራተኛ ግን በዚያው ቀን ይባረራል። የምንኖርባት አንድ ክፍል ደግሞ የፋብሪካው ናት፤ እኔ፣ እሱና አልጋ ላይ የቀረችው እናቱ ሜዳ ላይ መውደቃችን ነው።

በዋዜማው “አሞኛል በልና ቅር” አልኩት።

“የቀረ ሰው እጅ ነው መጀመሪያ የሚታየው።”

“እንግዲያው ቢንጠባጠብብህ ባርኔጣው አፈሰሰ በል። እኔም እመሰክራለሁ።”

“የእኔ ባርኔጣ?” ብሎ ሳቀ።

“አዎ፣ ያንተ ባርኔጣ! ምነው፣ ከሰማይ ወረደ እንዴ?” ደሜ ፈላ። እኛ ቤት ልናጣ ነው፣ እሱ ለባርኔጣ ክብር ይጨነቃል። በስንት ልመና “እሺ” አለኝ።

በማግስቱ ገበር የማደርስ መስዬ ወረድኩ። ሚዛኑ ክርኖቹን ከጎኑ አጣብቆ ተነሳ። አሥር እርምጃ ደህና ሄደ። በርታ የኔ ጌታ፣ በርታ እላለሁ በልቤ። አሥራ አምስተኛው ላይ ውሃው ተናወጠ፤ ሃያኛው ላይ ጫማው ራሰ። ሠራተኛው ሁሉ አቀርቅሮ ወለል ወለሉን ያያል፤ እጁን ሽርጡ ውስጥ ያልደበቀ አልነበረም።

“ያፈሳል!” ብዬ ጮህኩ። “ጌታዬ፣ ባርኔጣው ነው የሚያፈሰው! አሞት ስለነበር በደንብ አልጨመቀውም!”

አለቃው አልተቆጣም። ባርኔጣውን ከባሌ ተቀበለ፣ ከውጭ በመሐረብ ጠራረገው፣ ከነውሃው ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጠውና ሰዓቱን አወጣ። ቆመን ጠበቅን። እንደዚያን ቀን አንዲት ጠብታ ውሃ ለምኜ አላውቅም። ሩብ ሰዓት ሲሞላ ባርኔጣውን ከፍ አደረገው። ወረቀቱ ደረቅ ነበር።

“እዚህ ቤት እንዲህ ያለ ባርኔጣ ተሠርቶ አያውቅም” አለ። ከዚያ ወደ ባሌ ዞሮ “ዕቃህን ሰብስብ” አለው።

እግሩ ላይ ወደቅኩ። “የት እንግባ ጌታዬ? እናቱ እኮ አትነሳም!”

እሱ የሚያየው እጆቼን ነበር። “ዘርጊያቸው” አለኝ። ዘረጋኋቸው። ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ከዳተኞች።

“ክፍሉን አልነካባችሁም። ከነገ ጀምሮ ጎላው ላይ አንቺ ትቆሚያለሽ።”

“እሺ ጌታዬ” አልኩ። ምን ልበል?

በራችን ጋ ስንደርስ ባሌ ክንዴን ያዘኝ፤ እሱ ሲንቀጠቀጥ እኔም አብሬ ተንቀጠቀጥኩ።

“ስሚኝ። እንፋሎቱ ሲመጣብሽ ትንፋሽሽን ያዢ።”

“እስኪያልፍ ድረስ ነው? መቼ ነው የሚያልፈው?”

ሊነግረኝ አፉን ከፈተ። አሥራ ሁለት ዓመት እዚያ የቆመ እሱ ነው፤ ከእሱ ሌላ ማንን እጠይቃለሁ?

“አያልፍም” አለና እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ።