ከበሩ ውጭ የቀረ ቦቲ

«ሉድ» ያለኝን ሰው እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም። የምሠራበት ሆቴል የልብስ እጥበት ሱፐርቫይዘር ነው። በሰው ሁሉ ፊት፣ በእንግሊዝኛ። ምን ማለት እንደሆነ ባላውቅም ሳቃቸው ነገረኝ።

ያን ቀን አንድ ሽማግሌ እንግዳ ለእጥበት ከሰጡት ኮት ኪስ ውስጥ በአፍ የሚነፋ የአስም መድኃኒት አገኘሁ። ኪስ ውስጥ የተገኘ ነገር ለሱፐርቫይዘሩ ነው የሚሰጠው፤ እሱ ግን የለም። ትንፋሽ ቢያጥራቸውስ ብዬ ራሴ ይዤው ወጣሁ። ቦቲዬ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ምንጣፉን እንዳላበላሽ በራቸው ላይ አውልቄው ገባሁ። እውነትም ሰውዬው እያቃሰቱ ሻንጣ ሲበረብሩ ደረስኩ። መድኃኒቱን ሰጥቻቸው ስወጣ ሱፐርቫይዘሩ ቦቲዬን እያየ ቆሟል። ሴት በባዶ እግሯ ከወንድ ክፍል ስትወጣ! ባስረዳው ጆሮ ነፈገኝ። ሰውዬው በማግስቱ ማልደው ሄዱ፤ ምስክር የለኝም። ልጅ አሳድግ ነበርና ዋጥኩት።

ዘንድሮ ልጄ እዚያው በሙከራ ተቀጠረች። ሰሞኑን እያለቀሰች መጣች።

«እማዬ፣ ‹ከሉድ የተወለድሽ ሉድ፣ ቋሚ አላደርግሽም› አለኝ።»

«ቆይ፣ ምን ማለት ነው ግን?»

«ባለጌ… ወንድ ላይ የምትንጠላጠል።» ስልኳን ጎረጎረች። «ድሮ ግን ያልተማረ ማለት ነበር ይላል።»

«ታዲያ እሱማ ሐቁን ነዋ!»

በእንባዋ መሀል ሳቀች። «ክፉውን ሰው ቪለን የሚሉትም መጀመሪያ ጭሰኛ ነበር። ረባሽ ልጅን ኖቲ የሚሉት ደግሞ ምንም የሌለው ማለት ነበር።»

ጭሰኛ፣ ያጣ፣ ያልተማረ። ምን አጠፉ? እድፉን የለጠፈባቸው የሰው አፍ ነው። እድፍ ደግሞ ሥራዬ ነው፤ ዝም ብለው ካቆዩት ጨርቁ ውስጥ ይገባል። የኔ ይኸው ልጄ ላይ ወጣ።

ሱፐርቫይዘሩን ስለምነው፣ «ሂጂ እጠቢ አንቺ ሴትዮ፣ እሷ ከነገ ወዲያ ትሰናበታለች» አለኝ። ለበላዩ ብናገርና ሁለታችንም ብንባረር መግቢያ የለንም። ቢሆንም ከነሽርጤ፣ ከነቦቲዬ በእንግዶቹ ደረጃ ወጣሁ። የሥራ አስኪያጁን በር ሳላንኳኳ ከፈትኩት።

«ኧረ ምንጣፉ!» አሉ እግሬን እያዩ።

«ምንጣፍ ላድን ብዬ ነው ስሜ የጠፋው» አልኳቸውና መሀሉ ላይ ቆሜ፣ ከኮቱ ኪስ ጀምሬ ነገርኳቸው።