እሜቴ እና ነጩ ሸሚዝ

ለሰፈራችን ፋርማሲ ባለቤት «ሞተር ሳይክል አለኝ» ብዬ አፌን ሞልቼ የተናገርኩት አርብ ዕለት ነው። መድኃኒት በየቤቱ የሚያደርስ ሰው ይፈልጉ ነበርና መንጃ ፈቃዴን አገላብጠው አይተው፣ ሰኞ ጠዋት ከነሞተርሽ ነይ አሉኝ። መንጃ ፈቃዱ የራሴ ነው። ሞተር ሳይክሏ ግን የአባቴ ናት፣ ቁልፏም ያለው በአባቴ ኪስ ውስጥ ነው። እዚያ ኪስ ውስጥ ደግሞ እንኳን የሰው እጅ ዝንብም አይገባም።

ሞተር ሳይክሏን በቤታችን «እሜቴ» ነው የምንላት። ስሙን ያወጣችላት እናቴ ናት፤ ባሌ ከእኔ ይልቅ ለእሷ ይሽቆጠቆጣል ብላ ስትተርበው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ዳቦ ያመላለሰው እሷ ላይ ሆኖ ነው። ዘንድሮ ጉልበቱ እምቢ ስላለው ይወለውላታል እንጂ አይነዳትም። እሷን ለማስረከብ ደግሞ አንድ ሕግ አለው፤ ዘይቷንና የዘይት ማጣሪያ ፊልትሮዋን ያለማንም እርዳታ የቀየረ ቁልፉን ይወስዳል። ሥራው ሲያልቅ አባቴ የሠርጉን ነጭ ሸሚዝ ከሥሯ ያነጥፋል፣ ሞተሩ ይነሣል፣ ሸሚዙ ላይ አንዲት ጠብታ ካረፈች ቁልፉ ወደ ኪሱ ይመለሳል። እናቴ ስለ ሸሚዙ ተከራክራ ተከራክራ ደክሟታል። እሱ ግን ቦርጬን ስለማያስገባ ለሌላ ነገር አይሆንም ይላታል።

ታላቅ ወንድሜ ካቻምና ሞክሮ በአንዲት ጠብታ ወድቋል። ከዚያ ወዲህ ሥራ የሚሄደው አውቶቡስ እየተጋፋ ነው፤ በእሜቴ አጠገብ ሲያልፍም እንደተጣላት ሰው ፊቱን ያዞርባታል። እሁድ ጠዋት እጅጌዬን ስሰበስብ ሲያየኝ ወንበር ወደ በረንዳው አወጣና ሲኒማ እንደገባ ሰው ተደላድሎ ተቀመጠ። ለሚፈሰው ዘይት ሳፋ አይበቃሽም፣ ጀልባ አምጪ አለኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት።

አባቴ ቁልፉን ሲሰካልኝ፣ ዘይቱ እንዲቀጥን ሞተሩን ትንሽ አሙቄ አጠፋሁት። እሜቴን በመቆሚያዋ ቀጥ አድርጌ አቆምኳት፣ ሳፋውን ከሆዷ ሥር አስገባሁ፣ መፍቻውን የማፍሰሻው ቡሎን ላይ ሰክቼ ገፋሁት። ወይ ፍንክች። አባቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከበላዬ ቆሟል፤ በገዛ ሕጉ መናገር ስለተከለከለ ጉሮሮውን ብቻ ይጠርጋል። እግሬን ግድግዳው ላይ ተክዬ በሁለት እጄ ስስበው ቡሎኑ ቀጭ ብሎ ላላ። የቀረውን በጣቴ አዞርኩት፣ ዘይቱም ቡልቅ ብሎ ሳፋው ውስጥ ወረደ፤ ጥቁር፣ ትኩስ፣ ወፍራም። እጄ እስከ አንጓዬ ተነከረ። እንደዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ብቻዬን ብሆን ኖሮ እጨፍር ነበር ይባላል፣ እኔ ግን ሰው ፊት ሆኜም ቃጥቶኝ ነበር።

ቀጥሎ የፊልትሮው ክዳን ነው። ስከፍተው ውስጡ ተኝቶ የነበረ ዘይት ባላሰብኩት በኩል መጥቶ በሞተሩ ጎን ተንኳለለ፤ በጨርቅ ጠረግኩት። አሮጌው ፊልትሮ ከሰል መስሏል። የአዲሱ አንደኛው ጫፍ ቀዳዳ አለው፣ ሌላው ድፍን ነው፤ ተገልብጦ ከገባ ዘይቱ መሄጃ ያጣና ሞተሩ ደርቆ ይቀራል። እኔ ደግሞ በችኮላዬ ገልብጬ ከተትኩት። ክዳኑን ላጠብቅ ስል ተጠራጠርኩ። መልሼ አወጣሁት፣ አየሁት፣ አዙሬ አስገባሁት። አባቴ ይዞት የቆየውን ትንፋሽ ሲለቅ ከኋላዬ ሰማሁ።

ቡሎኑን ቀለበት መሳይ በሆነች አዲስ ሮንዴላ አጥብቄ፣ የውሃ ፕላስቲክ አንገት ቆርጬ ገልብጬ በዚያ አዲሱን ዘይት ሞላሁ። የማር ቀለም ነበረው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ያበራል። ከዚያ አባቴ ሸሚዙን አመጣ። እጅጌዎቹን ዘርግቶ፣ ኮሌታውን አስተካክሎ አነጠፈው። እሜቴን ረገጥኳት፣ አንዴ አስነጠሰችና ተነሣች። እኔና እናቴ መሬት ላይ ተንበርክከን፣ አባቴም ጎንበስ ብሎ ሆዷን እናያለን።

ጠብ።

ክው አልኩ። አባቴ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ነቀለ። ወንድሜ ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። ሰኞ ፋርማሲው በር ላይ በእግሬ ቆሜ የምለው ሁሉ በዓይኔ ዞረ። ግን ዓይኔን ከጠብታዋ ላይ ማንሳት አቃተኝ። የሆነ ነገር ቅር ብሎኛል።

«አባዬ፣ ቆይ» አልኩት። «ይቺ እኮ ጥቁር ናት። እኔ የጨመርኩት ማር ነው የሚመስለው።»

የዘይት መለኪያውን መዝዤ ጫፉን ከጠብታዋ አጠገብ ሸሚዙ ላይ አሳረፍኩት። እናቴ ስለ ሸሚዙ አቃሰተች። ከቀድሞው ርዝራዥ ጋር ስለተቀላቀለ ጠቆር ቢልም ያው ማር ነው፤ ጠብታዋ ግን ከሳፋው ዘይት ጋር አንድ ናት። ቡሎኑን በጣቴ ዳሰስኩት፣ ደረቅ ነው። የክዳኑን ዙሪያ ዳሰስኩ፣ ደረቅ ነው። ከክዳኑ ሥር ያለው ብረት ጀርባ ላይ ግን ቅድም የተንኳለለው አሮጌ ዘይት ተጠራቅሞ ይጠብቀኛል። ጠርጌ ጠርጌ ሸሚዙን ንጹሕ በሆነው ጎኑ አነጠፍኩት። አባቴ ቁልፉን መልሶ ሰካው። እሜቴ ተንደቀደቀች፤ ጠበቅን፣ ጠበቅን፤ አንድም ነገር አልወረደም።

እልል ልል አፌን ስከፍት ወንድሜ ከበረንዳው ወርዶ አጠገባችን ተንበረከከ። የሸሚዙን እጅጌ ገለጠ። እናቴ ስንቴ አጥባው ያልለቀቀ አሮጌ ነጥብ አለ፣ የካቻምናው የእሱ ጠብታ።

«የእኔም ጥቁር ነበረች፣ አባዬ» አለ።

አባቴ ሞተሩን አጠፋ። ሁለታችንንም ሳያይ በመዳፉ ጉልበቱን ያሻሽ ጀመር። ተሳስቼ ነው ይላል ብዬ ጠበቅኩ።

«ጥቁር መሆኗን ያኔም አይቻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ያኔ ጉልበቴ ደህና ነበር፣ ገና እነዳት ነበር።»

ቁልፉን ነቀለና ለወንድሜ ዘረጋለት። አንጀቴ እርር አለ፤ ግን ምን አፍ አለኝ? እውነትም የእሱ ተራ ነበር። ወንድሜ ቁልፉን እየመዘነ አባቴን ረጅም ጊዜ አየው። ተቆጥቶ እንደነበር አውቃለሁ። ከዚያ ቁልፉን ወደ እኔ ወረወረው።

«እኔን በየጠዋቱ ሥራ ታደርሺኛለሽ» አለኝ። «አሁን ግን መጀመሪያ አባዬን ትንሽ አዙሪው።»

አባቴ እሜቴ ላይ ከኋላ ተቀምጦ አያውቅም። የሚያመውን እግር አንስቶ ያሻገረለት ወንድሜ ነው። ከግቢ ወጣን። ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አባቴ በየመታጠፊያው ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ እኔም እንዳልሰማሁ እሆናለሁ። ሰፊው መንገድ ላይ ስንደርስ ወገቤን የያዙት እጆቹ ላላ አሉ፤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ጨመር አድርጊ» አለኝ።