የከፋው ቀንህ የቱ ነው?

«ገላህን ብቻህን ትታጠባለህ?» አሉ ጆይስ፣ እስክሪብቶአቸውን ቅጹ ላይ እንደ ደገኑ።

«እታጠባለሁ» አሉ ዊልፍ።

«ልብስህንስ?»

«እለብሳለሁ።»

«ደረጃ ትወጣለህ?»

«አንቺ ሴት፣ አርባ ዓመት ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ስወጣና ስገባ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን የቤቴን አሥራ ሦስት ደረጃ ታስቆጥሪኛለሽ?»

ሥጋ የተሞላ ትኩስ ፓይ በፎጣ ይዛ በሩ ላይ የቆመችው ጎረቤታቸው ብሬንዳ ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው የሐዘን ቤት መሆኑ ትዝ ብሏት ከንፈሯን ነከሰች። ፓይዋን አስቀምጣ፣ የዊልፍን ትከሻ ዳበስ አድርጋ ወጣች። ጆይስ ምንም አልጻፉም።

የዊልፍ ሚስት ኤድና ካረፉ ዘጠኝ ቀን ሆኗል። ዛሬ ሰኞ ነው፤ ቀብሩ በአገሩ ልማድ ቆይቶ ሐሙስ ነው። የመንገድ ዳሩ መስኮት መጋረጃ እንደ ተዘጋ ነው፤ የምድጃው መደርደሪያ በሐዘን መግለጫ ካርድ ተሞልቷል። ከዊልፍ ፊት ለፊት አፉ ድረስ የተሞላ ሻይ ቀዝቅዞ ቆሟል። ከጠዋት ጀምሮ አራተኛው ነው፤ አንዱንም አልነኩትም። ጠያቂው ሁሉ ሐዘን ነው ይላል።

«ዊልፍ» አሉ ጆይስ፣ «ሥራ ሊቀጥርህ የመጣ ሰው የለም። መንግሥት ደኅናውን ቀንህን አልጠየቀህም። የሚጠይቅህ የከፋውን ቀን ነው።»

«የከፋ ቀን የለኝም።»

ጆይስ ቅጹን አጥፈው ወደ ወጥ ቤት ሄዱ። ከኤድና ጋር ሃምሳ ዓመት በጸሎት ቤቱ አንድ አግዳሚ ላይ የተቀመጡ ሴት ናቸው። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ እዚያው አዳራሽ ውስጥ የመንደሩን ሰው የአበል ቅጽ ይሞላሉ። የዊልፍ ልጅ ሞሪን ተከትላቸው ወጥ ቤት ገባችና በሩን ገርበብ አደረገች።

«እንዲህ ብሎ ከላከው አንድ ሳንቲም አይሰጡትም» አሉ ጆይስ በሹክሹክታ። «ይሄ የድጋፍ አበል ደግሞ የሌላው ቁልፍ ነው። እሱ ከተፈቀደለት፣ ብቻውን ስለሚኖር ጡረታው ላይ ሌላ ይጨመርለታል። በሁለቱ ጠዋትና ማታ የምትረዳው ሴት መቅጠር ይችላል። እሱ ከቀረ ያኛውም የለም።»

«ወንድሜ ኪት ደግሞ እኔ በስሜ የአስታማሚ አበል እንድጠይቅ ነው የሚለኝ። ይቀላል አለ።»

«እንዳታደርጊው! አንቺ አስታማሚ ነኝ ብለሽ መቀበል ስትጀምሪ የእሱ ጭማሪ ይቆማል። ስንቱን ቤት አይቻለሁ መሰለሽ፤ ልጅ አባቷን የጠቀመች መስሏት።» ጆይስ ቅጹን ገልብጠው የመጀመሪያው ገጽ ላይ የታተመውን ቀን በጣታቸው መቱ። «ቅጹን ለመመለስ የተሰጠው ስድስት ሳምንት ዓርብ ያልቃል። ረቡዕ ፖስታ ቤት ካልገባ፣ ወንድምሽ እንዳለው ነው የሚሆነው።»

ወንድሟ ያለው ግልጽ ነበር። ኪት በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ክፍል አስይዟል፤ የሚያቆዩለት እስከ ዓርብ ነው። «ሰው ቀጥሮ እቤቱ የሚኖርበትን ገንዘብ አሳዪኝ፣ አፌን እዘጋለሁ» ብሏታል።

«ይሄን ቀን አሳይቼ፣ ቅጹን ማን እንዳስመጣው ለአባዬ ልንገረው?» አለች ሞሪን።

«ያን አንቺ ታውቂያለሽ፣ ልጄ።»

ቅጹን ያስመጡት ኤድና ነበሩ። ሞሪን ያገኘችው ከጠረጴዛ ልብሶች መሐል ነው፤ የዊልፍ ስምና የትውልድ ቀን ብቻ በእናቷ እጅ ተጽፎበታል። ዊልፍ ግን ከዓመታት በፊት ጠረጴዛ መትተው «በዚህ ቤት ስለ እኔ የልመና ቅጽ አይሞላም» ብለው ነበር። የሞተችው ሚስትህ ቃልህን አፍርሳለች ብሎ ለአባት እንዴት ይነገራል? ያውም ሳትቀበር።

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ጠያቂ አልተቋረጠም። ሞሪን የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች እየቆረጠች አባቷን በዓይኗ ትጠብቅ ነበር። ከቀትር በኋላ ጠያቂው ጋብ ሲል፣ ዊልፍ ማንም ያላያቸው መስሏቸው ሲኒ ሊያነሡ ሞከሩ። ሻዩ ጠርዙን አልፎ እጃቸው ላይ ፈሰሰ። ትኩስ ነበር፤ ፊታቸው ግን ንቅንቅ አላለም። የጉድጓዱ መሰርሰሪያ ንዝረት አንጥቶ ያደነዘዛቸው ጣቶች ትኩስና ቀዝቃዛ ከለዩ ስንት ዘመናቸው ነው። ሲኒውን መልሰው አስቀመጡና እጃቸውን ጭናቸው ላይ ካለው ብርድ ልብስ ሥር ሸሸጉ።

ያኔ ለሞሪን፣ እናቷ ለአባቷ ሁልጊዜ ግማሽ ሲኒ ትቀዳ የነበረው ትዝ አላት። እሷ ቁጠባ ይመስላት ነበር።

አንዱ ሌላውን ጎትቶ አመጣው። እሑድ እሑድ ስትመጣ እናቷን የምታገኛት ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጭ፣ በርጩማ ላይ፣ ሹራብ ስትሠራ ነው። እናቷ የመዝሙር አንድ ስንኝ ትላለች፤ አባቷ ከውስጥ ቀጣዩን ይመልሳል። «በዚህ ዕድሜያችሁ መሽኮርመም!» ብላ ስቃባቸው ታውቃለች። እናቷ አልሳቀችም፤ «ቀጥል ዊልፍ» ብቻ አለች። አንድ ቀን አባቷ ስንኙን ለመመለስ ሲዘገይ የእናቷ እጅ ቀድሞ የበሩን እጀታ ጨብጦ ነበር። ሹራቡ መሬት ወድቋል። ከዚያ የአባቷ ድምፅ መጣ፤ እናቷም ሹራቡን አንሥታ እንደገና ተቀመጠች።

የመዝሙር ፍቅር ይመስላት ነበር። ነበርም። ግን ጥበቃም ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ጆይስ ቅጹን ይዘው ሲመጡ ኪት ቀድሟቸው ነበር። የመኖሪያውን ሥዕላዊ ወረቀት ካርዶቹ አጠገብ አስቀምጦታል።

«ይሄ ለእኔ ነው?» አሉ ዊልፍ።

«ለማየት ብቻ ነው አባዬ። ከመስኮቱ ባሕሩ ይታያል።»

«ባሕሩ ከዚህም ይታያል።»

«አባዬ፣ ገላህን ማን ነው የሚያጥብህ?» አለች ሞሪን በድንገት። «እማዬ በሩ ላይ ለምን ነበር የምትዘምረው?»

ዊልፍ ቀና አሉ፤ ፊታቸው ቀላ። «እሱ የእኔና የእሷ ነው! እሱን ደግሞ ለመንግሥት ልትሸጪው ነው? ምን ብለሽ ልትጽፊ ነው? ሚስቱን እንደ በቅሎ ጭኖ ገደላት ብለሽ?»

«እንዲህ ያለህ ማን ነው?» አለ ኪት።

«ማንም እስኪለኝ አልጠብቅም!»

ሞሪን ቅጹን ከጆይስ ተቀብላ አባቷ ጭን ላይ አኖረች።

«ይሄን ያስመጣችው እማዬ ናት። ስምህን እይ፤ የማን እጅ ነው? ቀኑም ይኸው። ከሐኪሙ በተመለሰች ማግስት ነው ቅጹን ላኩልኝ ብላ የደወለችው።»

ዊልፍ ጽሕፈቱን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ሐኪሙ ምን ብሏት ነበር?»

«ልቧ ብዙ እንደማይቆይ።»

«ለእኔ ጨጓራ ነው አለችኝ» አሉ ዊልፍ። «ጨጓራ ነው ብላኝ ወተት ስታሞቅ ሰነበተች።»

ውጭ የወተት መኪናው ቆሞ ሄደ።

«ጻፊ ጆይስ» አሉ በመጨረሻ። «የከፋው ቀን አይደል የምትፈልጉት? ያለፈው ሳይሆን ከዚያ በፊት ያለው ቅዳሜ፣ ጠዋት። ወጥ ቤት ስትወድቅ ሰማሁ። ስልኩን አነሣሁ። የአምቡላንሱ ሦስት ቁጥር ነው፤ ያው ቁጥር ሦስት ጊዜ። ጣቴ አልነካው አለ፤ ስመታው ሌላውን ይነካል። እንደገና፣ እንደገና። በሩን ልክፈት ብዬ ሄድኩ፤ የቁልፏ እጀታ ትንሽ ናት፤ አልዞር አለችኝ። ተመልሼ ጫማዬን አወለቅኩና በብሬንዳ በኩል ያለውን ግድግዳ መታሁ። ሥዕል ለመስቀል ሚስማር የምንመታ መስሏት ነበር አሉ። ምን ታድርግ። ሃያ ደቂቃ መታሁ። ኤድና ዓይኗ ክፍት ነው፤ ታየኛለች። ‹ተው ዊልፍ፣ እጅህ› አለችኝ። ሌላ አልተናገረችም።»

ጆይስ ይጽፋሉ፤ አንድ ቃል ሳያስቀሩ፣ ቀስ ብለው። ኪት የመኖሪያውን ወረቀት ከካርዶቹ መሐል አነሣና አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ፊቱን ወደ ተዘጋው መጋረጃ አዞረ።

«መደወል ብችል ትተርፍ ነበር?» አሉ ዊልፍ።

«ያን ቅጹ አይጠይቅም፤ እኔም አላውቅም» አሉ ጆይስ። «ጣቶችህን ግን የፈጠራቸው ያውቃቸዋል።»

የቀሩትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ አነበቡላቸው። ዊልፍ መለሱ፦ አልችልም። እሱንም አልችልም። ያን ኤድና ነበረች። ያንንም ኤድና። ሠላሳው ገጽ ሙሉ ኤድና ሆነ።

ጆይስ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አድርገው የመጨረሻው ገጽ ላይ ጣታቸውን አኖሩ። «እዚህ ትፈርማለህ። ራስህ መሆን አለብህ።»

ዊልፍ እስክሪብቶውን አዩትና እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጡ። ወደ ወረቀቱ አልሰደዱትም፤ መዳፋቸውን ከፍተው ወደ ሞሪን ዘረጉት። ሞሪን ተንበረከከች። እስክሪብቶውን መዳፋቸው ላይ አኑራ የቀዘቀዙትን ነጭ ጣቶች አንድ በአንድ አጠፈችላቸው፤ አውራ ጣታቸውን በመጨረሻ። ከዚያ የራሷን እጅ ደረበችበት፤ ሳትገፋ፣ እንዳይወድቅ ብቻ። ፊርማው እየተንቀጠቀጠ ከሣጥኑ መስመር ወጥቶ አለቀ።

ጆይስ ወረቀቱን በቀስታ ስበው አነሡ። የአባትና የልጅ እጅ እንደ ተደራረበ ባዶው ጠረጴዛ ላይ ቀረ።