የሁለት ዓመት ኩርፊያ

«ክፈቺ… ዝጊ። አሁንም ክፈቺ።»

ቴክኒሻኗ ከጠዋት ጀምሮ አሥራ ስድስት ሰው አስተኝታ አንሥታለች። ወገቧ ተቆርጧል፤ ዓይኗ ይቆረቁራታል። ከመስታወቱ ወዲያ፣ በኤምአርአይ ማሽኑ ዋሻ ውስጥ የተኛችው ሴት አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። የመንጋጋዋ አጥንት በዚያው ቅጽበት ስክሪኑ ላይ ወደ ፊት ሸርተት፣ ወደ ኋላ መለስ ይላል። መገጣጠሚያው ላይ እንደ ትራስ የተነጠፈችው ልስልስ አጥንትም አብራው ትሄዳለች፣ አብራው ትመለሳለች። ምንም እንከን የለውም፤ ቴክኒሻኗን ያናደዳትም ይኸው ነው።

የሴትየዋ ባል ቀደም ሲል ኮሪደሩ ላይ ቴክኒሻኗን ለብቻዋ ይዟት ነበር።

«እህቴ፣ ሦስት ጊዜ ፎቶ ተነሣች፤ ሦስቱም ንጹሕ ነው። ጭቅጭቅ ሲነሣ መንጋጋዬ ተቆለፈ ብላ ጥርሷን ነክሳ ዝም ትላለች። ሐኪም ጋ ስንደርስ ደኅና! ሁለት ዓመት ሙሉ ኩርፊያ። የዛሬውም ንጹሕ ከሆነ ልብሴን ይዤ እወጣለሁ፤ ነግሬያታለሁ።»

የቀድሞዎቹ ቆመው የሚቀሩ ፎቶዎች ነበሩ፤ ይኼኛው እንቅስቃሴውን ራሱን ያሳያል። ግን ምን ያደርጋል፣ መንጋጋው እንደ ጨዋ ልጅ ይታዘዛል። የቀረው ሁለት ደቂቃ ነው።

ቴክኒሻኗ «ልንጨርስ ነው» ልትል የማይክሮፎኑን ቁልፍ ስትጫን ማዛጋት ቀደማት፤ ረጅም፣ እንባ የሚያመጣ ማዛጋት። አፈረች። ማዛጋት ደግሞ ይጋባል፤ ዋሻው ውስጥ ያለችውም አፏ ከታዘዘችው በላይ ተበረገደ። አጥንቱ ርቆ ሄደ፤ ሲመለስ ግን ትራሷን ከፊቱ ጥሏት ተመለሰ።

«ክፈቺ።»

ጣት የማያስገባ ክፍተት ብቻ። አጥንቱ ገፋ፤ ትራሷ ጋ ሲደርስ ቆመ። ማመሙ አይቀርም፤ ሴትየዋ ግን በእጇ የያዘችውን የጥሪ ቁልፍ አልተጫነችም።

ደንቡ አስታማሚ አይገባም ይላል። ቴክኒሻኗ ደንብ ለማክበርም ደክሟታል። በሩን ከፍታ ባልየውን ጠራችው።

«ይህቺን ያዩዋታል? መንገድ ዘግታለች» አለችና ስክሪኑ ላይ ትራሷን በጣቷ አሳይታው ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ አለች። «ክፈቺ።»

አጥንቱ ገፋ፣ ቆመ። ደግሞ ገፋ።

«እየሞከረች ነው?» አለ ባልየው።

«እየሞከረች ነው።»

ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጋ። አንድ ነገር ለማለት እንደፈለገ ገብቷት የማይክሮፎኑን ቁልፍ ተጫነችለት።

«ተዪው… በቃ፣ አትናገሪ» አለ።

ሴትየዋ ድምፁን ስትሰማ አጥንቱ ስክሪኑ ላይ እንደገና መግፋት ጀመረ።