ከታከቤሪ ስም ጎን ያለችው ሳጥን

...እና እስክሪብቶው ደግሞ አልጽፍም አለ፣ ቀለሙ በብርድ ደርቆ ነው መሰለኝ፣ እስቲ ተንፍሺበት፣ እስቲ አፍሽ ውስጥ ክተቺው፣ ይኸው፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴትዮ ፖስታ ቤት በር ላይ መኪና ውስጥ ቁጭ ብላ እስክሪብቶ ትጠባለች፣ ያየኝ ሁሉ ቤርናዴት ሶብቻክ ለይቶላት አበደች ይላል፣ ይበል። ዛሬ የዓመቱ መጨረሻ ቀን ነው፣ ፖስታ ቤቱ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል፣ የዛሬ ማህተም ያላረፈበት ወረቀት አይቆጠርም፣ እኔ ግን የቤዝቦል ዝና አዳራሽን የድምፅ መስጫ መሪው ላይ ዘርግቼ እያየሁት ነው። ለሁለት ተጫዋቾች ምልክት አድርጌያለሁ፣ በነሱ ማንም አይጣላኝም። የቀረችው አንዲት ሳጥን ናት፣ ሮይስ ታከቤሪ ከሚለው ስም ጎን ያለችው፣ እዚህ ያስቀመጠችኝ እሷ ናት።

አዳራሹ ይግባ፣ አይግባ፣ ይግባ፣ አይግባ፣ የቤዝቦል ሰው ከዚህ ሌላ ወሬ የለውም። በዱላ ኳስ አርቆ በመምታት ከሱ የሚበልጥ በዓይኔ አላየሁም፣ ይሄን ማንም አይክድም፣ አበረታች መድኃኒት ይወጋ እንደነበር ደግሞ ምርመራው አጋልጦታል፣ ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ አለቀሰ፣ ቪታሚን መስሎኝ ነው አለ። ቪታሚን! አንገትን በትከሻ የሚያስውጥ ቪታሚን የት አገር ነው ያለው። አሁን ለምርጫ ከቀረበ አሥረኛ ዓመቱ ነው፣ የመጨረሻው፣ ዘንድሮ ካልመረጥነው ስሙ ከኛ ከጋዜጠኞቹ ወረቀት ይወጣል፣ የዝና አዳራሹ ግድግዳ ላይ በነሐስ የተቀረጸ ፊቱ አይሰቀልም፣ አምና ለጥቂት ነው የቀረው፣ እና የዘንድሮው ነገር እንደኔ ባሉ ጥቂት ግትሮች እጅ ላይ ነው። አሮጊቷ ቂመኛ ትሙትልን ብሎ ጽፎልኛል አንዱ፣ ኢንተርኔት ላይ፣ ከነፎቶዬ።

ደንቡማ ግልጽ ነው። መራጩ የተጫዋቹን ውጤት፣ ችሎታ፣ ታማኝነት፣ ስፖርታዊ ጨዋነትና ሥነ ምግባር ግምት ውስጥ ያስገባል። ያስገባል! እሺ አስገባሁ፣ ከዚያስ? እዚያ ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት ውስጥ ሰካራም አለ፣ ጥቁር ከጎኔ ቆሞ አይጫወትም ያለ አለ፣ ነሐሱ ሁሉንም እኩል ጨዋ አስመስሏቸዋል። እነሱ ገብተው እሱ ምን በወጣው ይላሉ ወጣቶቹ፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ሌባ ሌባ ነው ይላሉ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው፣ ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ቀድጄ ብጥለውስ? ኤዲያ፣ እሱም ያው መምረጥ ነው፣ ካልላክሁት ከጠቅላላው ድምፅ አንድ ይቀንሳል፣ ለማለፍ ከተሰጠው ድምፅ ሦስት አራተኛው ነው የሚያስፈልገው፣ ያን ጊዜ እሱም ይቀልለታል፣ ዝም ብል ረዳሁት ማለት ነው። ያደረግሁትን ምልክት ሰርዤ ባዶውን ብልከው ደግሞ እነዚያን ያላጠፉትን ሁለቱን አብሬ እጎዳለሁ። ማምለጫ የሌለው ወረቀት ነው እኮ የሰጡኝ።

እስከ ዛሬ ግን እንዲህ አልተቸገርኩም። ሌኒ ነበረኛ። ታናሽ ወንድሜ ሌኒ፣ በስተ ግራ ያለውን የሜዳውን ጥግ የሚጠብቀው እሱ ነበር፣ ግራ ሜዳው የሱ ነበር፣ በትልቁ ሊግ፣ ከዚህ ከከተማችን ከስክራንተን ተነስቶ። ክለቦቹ በየዓመቱ ወቅቱ ሳይከፈት ፍሎሪዳ ወርደው ይለማመዳሉ፣ ያን ዓመት ሌኒ ቦታዬ የታወቀ ነው ብሎ ሄደ፣ እኔም ለጋዜጣዬ ልዘግብ ሄድኩ፣ ታከቤሪ መጣ፣ መኸር ላይ ሸንበቆ የነበረው ልጅ፣ በር የሚያጣብብ ትከሻ ይዞ። ብርዱን ምን ስትበላ ከረምክ አልኩት፣ ሥራዬ መጠየቅ ነው፣ የእናቴን ጥብስና ወተት አለኝ፣ ሳቀ፣ ጥርሱ ያምር ነበር። ግራ ሜዳውን ለሱ ሰጡትና ሌኒን ወደ ታችኛው ሊግ አወረዱት፣ ሌሊቱን አውቶቡስ ላይ እያደሩ ከከተማ ከተማ ወደሚዞሩበት፣ በዚያው ቀረ። አሁን የከተማውን በረዶ ይጠርጋል። እናታችን እስክትሞት ድረስ ያ ስም ቤቷ ውስጥ ተጠርቶ አያውቅም፣ ቴሌቪዥኑ ሲጠራው ተነስታ ታጠፋዋለች፣ የድንች ሳምቡሳ የመሰለው ፒዬሮጊዋ ምጣዱ ላይ እያረረም ቢሆን።

ስለዚህ ቀላል ነበር። ሳጥኗን ባዶ እተዋታለሁ፣ እኛ መራጮች ማንን እንደመረጥን ጋዜጣ ላይ እናወጣለን፣ እኔም ሳወጣ ከሥሩ ሁሌ እጽፋለሁ፣ ንጹሕ በመሆኑ ቦታውን ለተቀማው ለወንድሜ ስል። ንጹሕ። እውነቴን ነው፣ ሌኒ ነፍሱ የሕፃን ናት፣ ትምህርት ቤታችን የክትባት ነርስ የመጣች ቀን ትዝ ይለኛል፣ ሌኒ ጠፋ፣ መምህሩ፣ ቄሱ፣ ዘበኛው፣ ሁሉም ፍለጋ፣ እኔ ነኝ ምድር ቤቱ ውስጥ ከማሞቂያው ጀርባ ያገኘሁት፣ በጥላሸት ጠቁሮ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ እጁን ይዤ አስወጋሁት፣ ነርሷን ነከሳት። አይ ሌኒ።

ጡሩምባ! በስመ አብ፣ ልቤ ልትወጣ። ከኋላዬ ቢጫ በረዶ ጠራጊ መኪና፣ አካፋው የኔን መኪና ሊያነሳ ምንም አልቀረው፣ ኧረ እመቤት፣ መኪናሽን አንሺልኝ፣ ቦታውን ልጠርግበት፣ ይላል ሾፌሩ፣ ድምፁን አወቅሁት፣ ዞር ስል እሱም አወቀኝ። ሌኒ ነው። አንቺ ነሽ እንዴ ቤርኒ፣ ይላል፣ መኪናውን አጠጋው፣ መስኮት ለመስኮት ሆንን፣ መሪው ላይ ያለውን ወረቀት አየና ፊቱ ተለወጠ።

ዘንድሮም?

ምን ዘንድሮም?

አታድርቂኝ፣ ዘንድሮም ያንን ለወንድሜ ምናምን የምትይውን ልትጽፊ ነው?

ላንተ ብዬ እኮ ነው እላለሁ፣ ድምፄ ቀጠነ፣ ራሴን ጠላሁት። ሌኒ ሞተሩን አጠፋ። በሥራ ላይ ሞተር አጥፍቶ አያውቅም። በየዓመቱ ያንቺ ጽሑፍ በወጣ ማግስት ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ፣ መጠጥ ቤት ስገባ ቢራ ይገዙልኛል። ታዲያ ይሄ ምን ያስከፋል እላለሁ። የኀዘን ቢራ ነዋ! ምስኪን ሌኒ፣ የተቀማው ሌኒ፣ ለቅሶ የደረሱ ይመስል ትከሻዬን ቸብ ቸብ፣ አሁንማ ልጆቻቸውም ተምረውታል። በትልቁ ሊግ ግራ ሜዳ ላይ ቆሜያለሁ እኮ ቤርኒ፣ ከዚህ ከተማ ስንት ሰው ቆሟል፣ እዚያ ስትቆም ሣሩ ምን ይሸታል ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም፣ የሚያውቁኝ በተወሰደብኝ ነው፣ እንዲህ ያደረግሽኝ ደግሞ አንቺ ነሽ።

ፊቴ ነደደ። ለሱ ብዬ ያልሆንኩት የለም፣ ስድቡ፣ ፎቶው፣ ትሙትልን መባሌ፣ ምስጋናው ይሄ ነው? ንጹሕ ስለነበርክ ነዋ እላለሁ፣ ጮኼ መሰለኝ፣ ንጹሕ ባትሆን ግራ ሜዳው ያንተ ነበር! ሌኒ ይስቃል፣ መሪውን እየመታ ይስቃል። ንጹሕ! ሮይስ እኮ ለኔም አምጥቶልኛል፣ እዚያው ፍሎሪዳ፣ መታጠቢያ ቤት ጠርቶኝ፣ ና ሌኒ አብረን እንሁን፣ አንተ ግራ እኔ ቀኝ ሜዳ እንይዛለን አለኝ፣ ክፉ ልጅ እኮ አልነበረም። አንተም እምቢ አልክ፣ እላለሁ። መርፌውን አወጣው። እና እምቢ አልክ። መርፌ ነው እኮ የምልሽ ቤርኒ! ይሄን የሚያህል! ሱሪዬን ሳልቆልፍ ነው የሮጥኩት፣ እንክብል ቢሆን ኖሮ በእፍኝ ነበር የምቅመው።

ጥላሸቱ። ከማሞቂያው ጀርባ። ወይ ጉድ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት ስሰብክ የኖርኩት ስለ ማሞቂያው ጀርባ ነው፣ አንባቢ ያስለቀስኩበት ንጽሕና ነርስ የሚነክስ ልጅ ሆኖ አረፈው፣ መሳቅም ማልቀስም ያምረኛል፣ ደግሞ እናቴ፣ ስንት ፒዬሮጊ በከንቱ አሳረረች። ታዲያ ምረጪው ነው የምትለኝ? እኔ ምን አገባኝ፣ ይላል፣ ብትፈልጊ ምረጪው፣ ብትፈልጊ ስቀይው፣ በኔ ስም አይሁን እንጂ። አንቺ ራስሽ ምን ትያለሽ?

እኔ ራሴ። ይሄን ደግሞ ማን ጠየቀኝ፣ እኔስ መች ጠይቄ አውቃለሁ። መጥረጊያው የመስኮቱን በረዶ ወዲያ ወዲህ ያደርገዋል፣ ፖስታ ቤቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ሰዓቷን ታያለች፣ እኔ ራሴ ደግሞ የማስበው ስለ አንድ የነሐሴ እሑድ ከሰዓት ነው። እኛ ጋ ሕግ አለ፣ የትም አልተጻፈም፣ ጋዜጠኞቹ ከሚቀመጡበት አይጨበጨብም፣ አይጮህም፣ ያጨበጨበ ጋዜጠኛ ዕድሜ ልኩን ይሳቅበታል። እኔ ሴት ነኝ፣ ከሁሉም በላይ እኔ እጄን መሰብሰብ ነበረብኝ፣ ሰብስቤም ኖሬያለሁ፣ ዋንጫ ሲነሳ እንኳ እጄ ታፋዬ ሥር ነው። ያን እሑድ ታከቤሪ ዱላውን አነሳ፣ ዷ አለ፣ ድምፁ ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ፣ ደረቅ፣ ሙሉ፣ ኳሷ ወጣች፣ ወጣች፣ ቀና አልኩ፣ ከመብራቶቹ በላይ ሄደች፣ እኔ ሳላውቀው ቆሜያለሁ፣ እየጮህኩ ነው፣ አንድ ጊዜ፣ ባፌ ሙሉ። ሁሉም ዞረው አዩኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያፏጨሁ ይመስል። የወንድሜን ቦታ ለወሰደው ሰው።

ሌኒ፣ እኔ እኮ አንዴ ለሱ ጮኼ አውቃለሁ።

አውቃለሁ።

ምን?

በሬዲዮ ሰምቼሻለሁ፣ ይላል፣ በረዶውን እያየ፣ አውቶቡስ ላይ ነበርን፣ ሾፌሩ ጨዋታውን ከፍቶልን፣ የሬዲዮው ሰውዬ ተናግሮ ሳይጨርስ ከጎኑ አንዲት ሴት ጮኸች፣ እራት ቀርቧል ስትዪ የምትጮኺውን ጩኸት እኔ አላውቀውም? ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልክ፣ ምነው አልሰደብከኝም። ምን ብዬ ልስደብሽ፣ እኔም ጮኼ ነበር። አንተ? እኔ፣ አውቶቡሱ በሙሉ፣ የዚያን ቀን ያልጮኸ ማን አለ። ኳሷ እኮ ሄዳለች ቤርኒ፣ መርፌም ይሁን ምንም ይሁን፣ እሷ ሄዳለች።

ሄዳለች። አዎ ሄዳለች፣ ማን ክዶ፣ እኔን እርር የሚያደርገኝም ይሄው ነው፣ አሁን ገና ገባኝ፣ ባትሄድማ ምን ያናድደኝ ነበር። አንድ ልጅ ቦታውን ተቀምቶ፣ አውቶቡስ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ለቀማው ሰው ተነስቶ ጮኸ፣ እኔ በዚህ ጨዋታ ዕድሜዬን ስጨርስ ከዚያ የበለጠ ንጹሕ ነገር አልሰማሁም፣ እና ያ ባለጌ ያቺን ጩኸት ነው የበከላት። የኔም አንድ ነበረች፣ በዕድሜዬ አንድ ጩኸት። ወተት አለኝ፣ ጥብስ አለኝ፣ እኔ አመንኩት፣ አምኜው ቆምኩ። ከምርመራው ወዲህ ማንም ኳስ ሲመታ መጀመሪያ የማየው አንገቱን ነው፣ የሰፈር ሕፃን ሲመታ እንኳ፣ አባቱ ምን ሰጥቶት ይሆን እላለሁ፣ ለአሥር ዓመት ልጅ! ይሄን ያደረገኝ እሱ ነው። ደንቡ ውስጥ ይሄ የለም። የኔ ደንብ ውስጥ ግን አለ፣ ያቺን ጩኸት ይመልስልኝና ይግባ፣ ሊመልሳት አይችልም፣ እንግዲያው ውጭ ይቁም።

አልመርጠውም እላለሁ።

እኔ ብሆን እመርጠው ነበር ይላል ሌኒ።

አንተ ድምፅ የለህም።

እግዜር ይመስገን።

ሌኒ፣ ይሄኛው ያንተ አይደለም፣ የራሴ ነው፣ እንደዚያ ብዬ ነው የምጽፈው፣ ወንድሜ የለበትም ብዬ። ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ፣ ከዚያ ሞተሩን አስነሳ። እንግዲህ ቢራዬን ራሴ ልገዛ ነው ይላል። ዛሬ ማታ እኔ እገዛልሃለሁ። ለምስኪኑ ሌኒ ከሆነ ይቅርብኝ። ለምስኪኑ አይደለም፣ ለግራ ሜዳው ነው፣ ሣሩ ምን እንደሚሸት ትነግረኛለህ። አካፋውን ዝቅ አድርጎ እስከ ፖስታ ቤቱ በር ድረስ መንገድ ጠረገልኝ፣ አፍንጫውን በጓንቱ ሲጠርግ በመስታወቱ አየሁት።

ሳጥኗን ባዶ ትቼ ፖስታውን ላስኩት፣ ሙጫው ይመራል። ከውጭ ሲታይ ያው የድሮው ባዶ ነው፣ ቂመኛዋ አሮጊት አሁንም ቂመኛ ናት ይላሉ፣ ይበሉ፣ ግን ቀለለኝ ልበል ብዬ ነበር፣ አልቀለለኝም፣ ጭራሽ ባሰብኝ፣ ለሌኒ ስጣላ ያልደከመኝን ለራሴ ስጣላ ደከመኝ። የጠረገልኝን መንገድ ይዤ ገባሁ። ልጅቱ በሩን ልትዘጋ ቁልፉን ይዛለች፣ ደረስሽ እናቴ፣ ለጥቂት፣ ትላለች፣ እጇን ትዘረጋለች፣ እኔ ፖስታውን እሰጣታለሁ ግን ጣቴ አልለቅም ይላል፣ እሷ ትስባለች እኔ እይዛለሁ፣ እመቤት? ትለኛለች፣ ኳሷ ሄዳለች እኮ፣ ከመብራቶቹ በላይ፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ እመቤት ልዘጋ ነው፣ እሺ፣ እሺ፣ ያውልሽ። ማህተሙን አነሳች። ዷ።

ሳላስበው ቀና አልኩ። ጣሪያው ብቻ ነው ያለው።