ያልተላከው የሮኮ ደብዳቤ

ውባንቺ ሮማ ከተማ፣ ፒኜቶ ሰፈር፣ ሲኞራ ኢዳን በደመወዝ እየተንከባከበች ከእሳቸው ጋር መኖር ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት አልፏታል። ሲኞራዋ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። እግራቸው ደክሟል፣ ዓይናቸውም ፊደል መለየት ትቷል፤ ምላሳቸው ግን ገና ስለታም ነው። ጠዋት ጠዋት ፖስታቸውን ስታነብላቸው፣ «የመብራት ከሆነ ክፈዪ፣ የፖለቲከኛ ከሆነ ጣዪ» ይሏታል።

በመስከረም ግን ከሁለቱም ያልሆነ አንድ ወፍራም ፖስታ መጣ። የላከችው ናፖሊ የምትኖር ተመራማሪ ነበረች። ከመቶ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ በፊት በእንፋሎት መርከብ አሜሪካ ደርሰው ስለተመለሱ ጣሊያናውያን ስታጠና፣ ወደቡ አጠገብ መነኮሳት ያስተዳድሩት በነበረ ማረፊያ ቤት መዝገብ ውስጥ ሮኮ የሚባል ሰው ደብዳቤ አገኘች። ዘመዶቹን ስታፈላልግ ሲኞራ ኢዳን አግኝታ ደብዳቤውን ላከችላቸው።

ሮኮ የሚለውን ስም ሲሰሙ ሲኞራ ኢዳ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ቅደጂው።»

«ሲኞራ፣ ገና መች አነበብኩትና?»

«አያቴ ነው፤ የእናቴ አባት። ያኔ የደቡብ ሰው ሁሉ በመርከብ ይጎርፍ ነበር፤ እሱም እናቴን በሁለት ዓመቷ ጥሎ ሄደ። ማሳውንና በቅሎዋን ሸጦ ነው የተሳፈረው። አንዲት መስመር አልጻፈም። ሚስቱ ካርሜላ እስክትሞት ድረስ በር በሩን ስታይ ኖረች። እናቴ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ሮማ መጥታ የሰው ቤት ገረድ ሆነች። እሱ እዚያ ሌላ አግብቶ ሌላ ወልዷል። ቅደጂው አልኩሽ!»

ውባንቺ «ቫ ቤኔ፣ እሺ» ብላ ፖስታውን ይዛ ወጣች። ለመቅደድ ግን እጇ እምቢ አላት።

ሐሙስ ከሰዓት የእረፍቷ ጊዜ ነው። እንደ ልማዷ የአገሯን ሰዎች ለማግኘት በትራም ወደ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ስትሄድ፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ደብዳቤውን አወጣች። ሮኮ መጻፍ ስለማይችል እሱ እየነገራት የጻፈችለት አንዲት መነኩሲት ነበረች።

«ካርሜላ፣ ኒውዮርክን አይቻታለሁ፤ ግን አልገባሁባትም። በመርከቡ ታችኛው ክፍል፣ ሰው በሰው ላይ ተደራርበን አሥራ ስድስት ቀን ተጓዝን። ስንደርስ አንዲት ደሴት ላይ አሰለፉን። አንድ ሐኪም የዓይኔን ቆብ ገልብጦ አየና ኮቴ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገብኝ። ትራኮማ ነው አሉ። በመጣሁባት መርከብ መለሱኝ። ከናፖሊ እኛ ቤት የሦስት ቀን የእግር መንገድ ነው። ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ከመንገድ ተመለስኩ። በቅሎዋስ፣ ማሳውስ ብትይኝ ምን እመልሳለሁ? አሁን ወደቡ ላይ፣ ሌሎቹን ወደ አሜሪካ በሚወስዱት መርከቦች ላይ ከሰል እጭናለሁ። ትንሽ ነገር ስቋጥር እመጣለሁ። ትንሿን ሳሚልኝ።»

ከግርጌው መነኩሲቷ «እሱ ካልፈቀደ አይላክ» ብላ ጽፋለች። ተመራማሪዋም አንድ ነገር አክላለች፤ ሮኮ በቀጣዩ ክረምት በሳንባ ምች ሞቶ ናፖሊ ተቀብሯል።

ትራሙ ቴርሚኒ ደርሶ ሰው ሁሉ ሲወርድ ውባንቺ እንደ ተቀመጠች ነበረች። ሾፌሩ ነው መጥቶ ያስነሣት።

በማግሥቱ ደብዳቤውን እንዳነበበችው ለሲኞራ ኢዳ ነገረቻቸው። የሆነውን ሳትጨርስላቸው አቋረጧት።

«በቤቴ፣ በፖስታዬ! ማን አዘዘሽ?» አሏት። ከዚያ ወዲያ ለሁለት ቀን «ውሃ» እና «መድኃኒት» ከማለት በቀር ቃል አልተነፈሱም።

እሑድ ጠዋት ጸጉራቸውን ስታበጥርላቸው ውባንቺ አላስችል አላት።

«ሲኞራ፣ ታናሽ ወንድም እንዳለኝ ያውቃሉ አይደል?»

«ጀርመን ያለው።»

«ጀርመን አይደለም። ጀርመን ያለ የሚመስላት እናቴ ናት። ከሊቢያ እስር ቤት በአውሮፕላን አገሩ መለሱት። እናታችን ደብረ ብርሃን ናት፤ እሱ ሞጆ ቁጭ ብሎ መኪና ያጥባል። በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ አይሞላም። የሰማሁ ዕለት ‘ጨካኝ፣ ውሸታም’ ብዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነን።»

«ለምን ቤቱ አይገባም?»

«የእናቴን ላሞች ሸጦ ነው የወጣው። ባዶ እጁን እንዴት ይግባ? ጠልቶን አይደለም እኮ ሲኞራ። አፍሮ ነው።»

ውባንቺ ማበጠሪያውን እንደያዘች ቆመች። ስለ ወንድሟ ስለ መዝገቡ እንዲህ ብላ ተናግራ አታውቅም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንዲህ ብላ ማሰቧንም አታውቅም ነበር።

ሲኞራ ኢዳ፣ «አሎራ፣ እንግዲያው አንብቢልኝ» አሏት።

አነበበችላቸው። ከመንገድ ተመለስኩ የሚለው ላይ ስትደርስ እጃቸውን አነሡ።

«እሱን ድገሚልኝ።»

ደገመችላቸው።

«ሁለት ጊዜ» አሉ ሲኞራ ኢዳ። «እናቴ ሰባ ዓመት ሙሉ አባት የለኝም ስትል ኖረች። ሰውዬው ሁለት ጊዜ ተነሥቷል።» ከዚያ በኋላ እንባቸው ወረደ፤ ውባንቺም በፎጣ ጠረገችላቸው።

በሳምንቱ ታክሲ አስጠርተው፣ ተሽከርካሪ ወንበራቸውን ጭነው፣ እናታቸው ወደተቀበሩበት ቬራኖ መካነ መቃብር ሄዱ። ሲኞራ ኢዳ ድንጋዩን በመዳፋቸው ዳበሱና ውባንቺን እንድታነብ አዘዟት። «ጮክ በዪ፣ እናቴ በስተርጅና ጆሮዋ አይሰማም ነበር» አሏት። ውባንቺ ጮክ ብላ አነበበች። አበባ የሚያጠጡ አንድ ሰውዬ ባልዲያቸውን አስቀምጠው አብረው ሰሙ። «ትንሿን ሳሚልኝ» ስትል ሲኞራ ኢዳ ጎንበስ ለማለት ሞከሩ፤ አልቻሉም። ጣታቸውን ስመው ድንጋዩን ነኩ።

ታክሲ ሲጠብቁ ወደ ውባንቺ ዞሩ።

«የወንድምሽ ስልክ አለሽ?»

«አለኝ።»

«የእኔ ሰው ስልክ የለውም። ያንቺው አለው። ደውዪ።»

«አሁን? እዚሁ?»

«እዚሁ።»

ስልኩ ብዙ ጠራ። መዝገቡ ሲያነሣ ከኋላው የውሃ ድምፅ ይሰማ ነበር። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«እማዬ ሞተች?»

ሌላ የምትደውልበት ምክንያት ይኖራል ብሎ አልጠበቀም።

«ኧረ ደኅና ናት። አንተ እንዴት ነህ ልልህ ነው፣ መዝጌ።»

ውሃው ቆመ። ከዚያ ሲያለቅስ ሰማችው።

ያን ቀን ቤት ግባ አላለችውም። ሌላ ቀን አለችው፤ እሱም «ቀድመሽ ንገሪልኝ» አላት። «አልነግርም፣ አንተ ራስህ በር ላይ ቆመህ ንገራት» ብላ እምቢ አለች። ተጣሉ፣ ታረቁ። በየሐሙሱ ሲደዋወሉ ቆይተው፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዞ ደብረ ብርሃን ገባ።

የሆነውን ለውባንቺ የነገራት እሱው ነው። እናቱ በሩን ከፍታ ስታየው እሪ ብላ ስለ ጮኸች፣ ጎረቤቱ ሁሉ መርዶ የመጣ መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ ግቢውን ሞላው። መዝገቡ መሐል ቆሞ ብርቱካኑን እንደ ያዘ፣ «ኧረ እኔ ነኝ! አልሞትኩም!» ሲል፣ የሚሰማው አጣ። በኋላ ነው ነጠላቸውን ያቃኑት።

ውባንቺ ይህን ለሲኞራ ኢዳ ስትተረጉምላቸው ሳቁ። ስለ ነጠላው ያለውን ደግማ እንድትነግራቸው ጠየቋት፤ ደግመውም ሳቁ። ቆይተው ግን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

«ሮኮ ቢመጣ ኖሮ ካርሜላም እንዲያ ነበር የምትጮኸው» አሉ።