የልብስ ሰፊው ጡንቻ

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። የኮት ሥራ ሲመጣ የስፌት መኪናውን ትቶ ጠረጴዛው ላይ ይወጣና፣ እግሩን አጣምሮ፣ ኮሌታውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ በእጁ ይሰፋል። «ውረድ፣ ወንበር ሞልቷል» ስለው ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ደረቅ!

ጭኑ ላይ እብጠት ሲወጣም «የመቀመጥ ነው» ብሎ መስፋቱን ቀጠለ። ጨቅጭቄ ጨቅጭቄ ሐኪም ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ሳቂታ። የምርመራውን ውጤት አይቶ «መጥፎ እጢ ነው፤ ግን ቶሎ ደርሰንበታል» አለን። ከዳሌ ተነስቶ ጭንን በሰያፍ አቋርጦ ጉልበት ሥር የሚያርፍ ረጅም ጡንቻ አለ፤ እጢው ያለው እሱ ውስጥ ነው። ጡንቻው ከወጣ እግሩ ይተርፋል። የባሌ ፊት አመድ መሰለ። ዶክተሩ ሊያጫውተው ፈልጎ ሥራውን ጠየቀው።

«ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«አይገርምም ጋሼ! የዚህ ጡንቻ ስም በላቲን የልብስ ሰፊ ማለት እኮ ነው። የድሮ ልብስ ሰፊዎች እንዲያ እግራቸውን አጣምረው ሲቀመጡ ጭናቸውን የሚያዞረው እሱ ነው ተብሎ የወጣለት ነው።»

ምነው ምላሱን በያዘው! ባሌ መጀመሪያ እንደ ሕፃን ፈነደቀ። ቀጥሎ ፊቱ ጨለመ።

«ታዲያ እሱን አውጥተህ ምኔን ልትተውልኝ ነው?»

«ሌሎቹ ጡንቻዎች ይሸፍኑለታል። ይሄዳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይሰፋሉ።»

ማን ሰምቶት! ቤት ገብተን ለመጣ ለሄደው ደንበኛ ጭኑን መታ መታ እያደረገ «ይቺ በእኛ ነው የተሰየመችው» ይል ጀመር። ለመንኩት፣ ሰደብኩት፣ ታላቅ ወንድሙን ጠርቼ አስመከርኩት። «የጀመርኩትን ኮት ልጨርስ» ይለኛል። አንዱን ሲጨርስ ሌላ ይቆርጣል። ትልቅ ሰው ታስሮ አይጎተት ነገር፣ ምን ላድርገው? እያየሁት ማነከስ ጀመረ።

ጠረጴዛው ላይ መውጣት ሲያቅተው ራሱ «እንሂድ» አለኝ። ዶክተሩ አዲሱን ምስል አየና ሳቁ ጠፋ። እጢው ከጡንቻው አልፎ ደም ሥሩንና ነርቩን ይዞታል።

«አሁን እግሩን ነው ጋሼ። ካልሆነ እርስዎን ማጣታችን ነው።»

«ወይኔ!» ብዬ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ባሌ ግን እጁን ኪሱ ከቶ ጨርቅ የሚያሰምርበትን ጠመኔ አወጣ።

«የቱ ጋ ነው የምትቆርጠው?»

ዶክተሩ እያቅማማ ጣቱን የባሌ ሱሪ ላይ፣ ጭኑ ጋ ከፍ አድርጎ አሳረፈ። ባሌ ጨርቁን ወጠረና ቀጥ ያለ ነጭ መስመር ሳበበት። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ሙያተኛ ከሙያተኛ ጋር እንደሚነጋገር፣ በእርጋታ ጠየቀው።

«እኔ ጨርቅ ስቆርጥ ሁልጊዜ ሁለት ጣት አተርፋለሁ፤ ኋላ ቢጠብ ለማስፋት። አንተም ሁለት ጣት ዝቅ በልልኝ።»

«አልችልም ጋሼ» አለ ዶክተሩ፣ መሬት መሬት እያየ።

ባሌ ወደ እኔ ዞረ። ከጨርቅ ነጋዴ ጋር ክርክር ሲገጥም ሁሌም ወደ እኔ ነው የሚዞረው፤ እኔን አፍ የሚያስይዝ ነጋዴ እስከ ዛሬ አልተገኘም። አሁንም ጠመኔውን እንደያዘ ጠበቀኝ።

አፌን ከፈትኩ። የምለው አጣሁ።